ኮምፒውተሩ ታደሰ፣ ሙቀት ነጋሪው ፕሮግራም ግን እምቢ አለ



የዛሬው ጉዳይ ሲሰሙት የወጣቶች ብቻ ይመስላል፤ ግን ወደ ብዙዎቻችን ቤት መግባት ጀምሯል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች ደግሞ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን አያሟሉም። ስለዚህ ልጆቻችን «ይህ ማኽሼቭ ገና ጤነኛ ነው፤ የሠርጉ ፎቶግራፍ፣ የአያቶች ድምፅ ያለበት ነው፤ አይጣልም» እያሉ ሊኑክስ የተባለውን ነፃ ሥርዓት ይጭኑበታል። ደግ አደረጉ እላለሁ።

አሮጌ ላፕቶፕ ግን ይሞቃል። ማራገቢያው በአቧራ ይደፈናል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ቅባት ይደርቃል፤ በዚህ ላይ የእስራኤል የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት ይጨመራል። ስለዚህ ነገሩን የሚያውቅ ልጅ ፕሮሰሰሩን የሚከታተል ትንሽ ፕሮግራም ያስገባል። ስንት ዲግሪ እንደደረሰ፣ በምን ፍጥነት እንደሚሠራ፣ ስንት ዋት እንደሚበላ በየሴኮንዱ ያሳያል። ወራት በደህና ያልፋሉ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ ይታደስና ፕሮግራሙ አልከፈት ይላል። ልጁ እንደገና ሊገነባው ሲሞክር ማያው በስሕተት ጽሑፍ ይሞላል። ምን ሆነ ሲባል «ከርነሉ ተቀይሮ ነው» ብሎ ያልፋል። መልሱ ትክክል ነው፤ ሰሚው ግን ምንም አልገባውም።

በዚህ ጊዜ በየቤቱ ከሁለት ውሳኔዎች አንዱ ይወሰናል። አንደኛው «በቃ፣ አርጅቷል» ነው። ሁለተኛው «ከእንግዲህ ይህን ኮምፒውተር እንዳታድሱት» ነው። የመጀመሪያው ብክነት ነው። ሁለተኛው ግን አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ከእድሳት ጋር ከሚመጣው ነገር ዋናው ሌባ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈኛ ነው። የባንክና የኩፓት ሆሊም ገጽ የሚከፈትበትን ኮምፒውተር ሙቀቱን ለማየት ሲባል ሳያድሱ መተው፣ ቴርሞሜትሩ እንዳይሰበር ብሎ የቤቱን በር ክፍት እንደ ማሳደር ነው።

ደግሞም አይደንግጡ። ሙቀት ነጋሪው ቢዘጋም ፕሮሰሰሩ ራሱን ይጠብቃል። ገደቡ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከዚያም ካለፈ ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። ይህ የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ውስጥ በተሠራ ጥበቃ ነው። የተበላሸው መመልከቻው ብቻ ነው፤ እሱም ይጠገናል።

ጓዳና እልፍኝ

ከርነል ማለት አስኳል ማለት ነው። የሥርዓቱ እምብርት ነው፤ ፕሮሰሰሩን፣ ማኅደረ ትውስታውን፣ ዲስኩን በቀጥታ የሚያዘው እሱ ብቻ ነው። ሌሎቹ ፕሮግራሞች፣ ማለትም ኢንተርኔት የምናይበት፣ ደብዳቤ የምንጽፍበት፣ ዘፈን የምንሰማበት፣ ሁሉም እሱን እየለመኑ ነው የሚኖሩት።

የአገራችንን ቤት ያስቡ። እንግዳ እልፍኝ ይቀመጣል፤ መሶቡ ይቀርብለታል፤ በልቶ አመስግኖ ይሄዳል። በርበሬው በየትኛው ማሰሮ፣ ሽሮው በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የቤቱ እመቤት ጓዳዋን ዛሬ በአንድ ዓይነት፣ ነገ በሌላ ዓይነት ብታደራጀው ለእንግዳው ያው መሶብ ነው የሚቀርበው። ጓዳ ገብታ የምታግዘው ጎረቤት ግን «በርበሬው ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው» ብላ ስለለመደች፣ ማሰሮው ሲዛወር እጇ ባዶ ይመለሳል። አንዳንዴም ጨው መስሏት ሌላ ነገር ታነሣለች።

አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የእልፍኝ እንግዶች ናቸው። ፕሮሰሰሩን በጥልቀት የሚከታተሉት ግን ጓዳ ይገባሉ። ምክንያቱም የሚፈልጉት ነገር ያለው እዚያ ነው። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሬጅስተር የሚባሉ ጥቃቅን የቁጥር ማስቀመጫዎች አሉ፤ አንዳንዶቹን እንዲያነብ የሚፈቀድለት ከርነሉ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር ልንገርዎ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ሙቀቱን ሲጠየቅ «65 ዲግሪ ነኝ» ብሎ አይመልስም። የሚናገረው ወደ ገደቡ ስንት ዲግሪ እንደቀረው ነው። ገደቡ 100 ከሆነና ሬጅስተሩ 35 ካለ፣ ፕሮግራሙ ከ100 ላይ 35 ቀንሶ 65 ብሎ ያሳየናል። ገደቡ ደግሞ ከፕሮሰሰር ፕሮሰሰር ስለሚለያይ እሱም ከሌላ ሬጅስተር መነበብ አለበት። ማያው ላይ የምናያት አንዲት ቁጥር እንዲህ ተሰልታ ነው የምትመጣው፤ ስለዚህ ከጓዳው የተነሣው ቁጥር ስሕተት ከሆነ መልሱም ስሕተት ይሆናል።

ኮርፍሪክ የተባለው መከታተያ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሦስት ክፍሎች አሉት። አንደኛው ከርነሉ ውስጥ የሚገባ ሞጁል ነው፤ ጓዳ የሚገባው እሱ ነው። ሁለተኛው ከውጭ ሆኖ መረጃውን የሚሰበስብ ነው። ሦስተኛው ለዓይናችን የሚያሳይ ነው። ከርነል ሲለወጥ ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው የመጀመሪያው ነው።

የተገባው ቃልና ያልተገባው ቃል

ሊኑክስን የጀመረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በሄልሲንኪ የ21 ዓመት ተማሪ ሳለ መጀመሩ ነው። ከዚያ ጀምሮ አጥብቆ የያዘው አንድ ደንብ አለ፤ የከርነል ለውጥ ከውጭ ያለን ፕሮግራም ካሰናከለ ጥፋቱ የከርነሉ ነው እንጂ የፕሮግራሙ አይደለም። ማለትም ለእልፍኝ እንግዳ ቃል ተገብቷል።

ለጓዳው ግን ምንም ቃል አልተገባም። ግሬግ ክሮህ-ሃርትማን የተባለው ከዋነኞቹ የከርነል ጠባቂዎች አንዱ ይህን በግልጽ ጽፎታል፤ ጽሑፉም ከከርነሉ ሰነዶች መካከል ይገኛል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የውስጡን አሠራር እንዳይለወጥ ብናስር፣ የተበላሸውን ማስተካከል አንችልም ነው። አዲስ ከርነል በየ9 እና 10 ሳምንቱ ይወጣል፤ በየጊዜውም ጓዳው ይደራጃል።

እኔ በዚህ ደንብ እስማማለሁ፤ ምንም እንኳ ዋጋውን የሚከፍሉት ደመወዝ ሳይከፈላቸው በትርፍ ጊዜያቸው እነዚህን መከታተያዎች የሚጽፉ ሰዎች ቢሆኑም። ያልተስተካከለ ነገር እንዳለው አልክድም።

ሁለት እውነተኛ ለውጦችን እንይ።

አንደኛው እ.ኤ.አ. በጁን 2023 ከወጣው ከርነል 6.4 ጋር የመጣ ነው። በከርነሉ ውስጥ «ክላስ ክሪኤት» የሚባል ተግባር አለ፤ አንድ ሞጁል ከውጭ እንዲገኝ ራሱን የሚያስመዘግብበት ነው። ቀድሞ ሲጠራ ሁለት ነገር ይሰጠው ነበር፤ መጀመሪያ የሞጁሉ ማንነት፣ ቀጥሎ ስሙ። የመጀመሪያው ግን ለዓመታት ይሰጥ እንጂ ምንም አይሠራም ነበር። ስለዚህ ተነሣ፤ ስሙ ብቻ ቀረ። ሁለት ነገር ይዞ የሚመጣ አሮጌ ሞጁል ከዚያ ወዲህ «ለዚህ ተግባር የቀረበው ነገር በዝቷል» ተብሎ ይመለሳል። ኡቡንቱ 22.04 ይዘው አዲሱን የከርነል መስመር የሚከተሉ ሰዎች በ2024 መጀመሪያ ላይ ከ6.2 በቀጥታ ወደ 6.5 ተሸጋገሩ። 6.4ን በዓይናቸው አላዩትም፤ ለውጡ ግን አብሮ መጣባቸው።

ሁለተኛው ይበልጥ ይነካናል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በወጣው 6.16 ላይ፣ የፕሮሰሰሩን ሬጅስተር የሚያነበው ተግባር ስሙ ተለወጠ። «አርዲኤምኤስአርኤል» ይባል የነበረው «አርዲኤምኤስአርኪው» ሆነ። ከመጨረሻዋ ፊደል በቀር ምንም አልተነካም። ኤል የምትባለው ፊደል መጠኑ አንዴ 32፣ አንዴ 64 ቢት ሊሆን የሚችልን ቁጥር ስለምታመለክት ታደናግር ነበር፤ ኪው ግን 64 ቢት መሆኑን ለይታ ትናገራለች። ስሙ መስተካከሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በአሮጌው ስም የሚጠሩ የውጭ ሞጁሎች በአንድ ጊዜ ቆሙ።

ሁለቱንም ልብ ብለው ይመልከቱ። ፕሮሰሰሩ አልተለወጠም፤ ሙቀቱ የሚለካበትም መንገድ አልተለወጠም። የተለወጠው አጠራሩ ነው።

እንዴት ይጠገናል?

የሚጠግነው ልጅዎ ወይም የሚያውቅ ጎረቤት ሊሆን ይችላል፤ ግን አጠገቡ ተቀምጠው እንዲከታተሉ ነው የምጽፈው። የትዕዛዞቹን ስም እንደሚነበቡ በፊደላችን ጽፌአቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት «ዩኔም -አር» የሚለውን ትዕዛዝ ያስጽፉት፤ አሁን እየሠራ ያለውን ከርነል ቁጥር ይናገራል። ሲያነቡት ግን እንደ ሒሳብ ክፍልፋይ አያንብቡት። በአስርዮሽ 6.16 ከ6.4 ያንሳል፤ በከርነል ቁጥር ግን ነጥቡ መለያ ብቻ ስለሆነ አሥራ ስድስተኛው ከአራተኛው በኋላ ነው የሚመጣው። ሒሳብ ለተማረ ሰው ይህ ዓይን ይወጋል፤ ምን ይደረግ።

ቀጥሎ፣ የዚያው ከርነል ሄደርስ መኖሩ ይታይ። ሄደርስ ማለት የጓዳው ዕቃ ዝርዝር ነው፤ ሞጁል ያለ እሱ አይገነባም። የስሕተቱ ጽሑፍ ስለ ክላስ ክሪኤትም ሆነ ስለ ሌላ ተግባር ሳያነሣ «እንዲህ ያለ ፋይል ወይም አቃፊ የለም» የሚል ከሆነና የከርነሉ ቁጥር በመንገዱ ላይ ከተጻፈ፣ ብዙ ጊዜ የጎደለው እሱ ነው። ይጫናል፤ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ኮድ ሳይነኩ የሚድን ብልሽት ስለሆነ መጀመሪያ ይህን መፈተሽ ብልኅነት ነው።

ዲኬኤምኤስ የሚባል ረዳት ተጭኖ ከሆነ፣ ከርነል በታደሰ ቁጥር ሞጁሉን ራሱ እንደገና ይገነባዋል። ዴል ኩባንያ ውስጥ የተጀመረ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ግን እንደገና ይገነባል እንጂ አይጠግንም፤ ጽሑፉ አሮጌ ከሆነ እሱም ይወድቃል። የወደቀበትን ምክንያት «ሜክ ዶት ሎግ» በሚባል ፋይል ጽፎ ያስቀምጣል።

አሁን ወደ ስሕተቱ ጽሑፍ። አስተማሪ ሳለሁ አንድ ተማሪ የመጀመሪያውን መስመር ሲሳሳት ከሥሩ ያሉት አሥር መስመሮች አብረው ይበላሹ ነበር። አሥሩን ሁሉ በቀይ ማስመር ትርጉም የለውም፤ የመጀመሪያው ሲታረም ሌላው ይከተላል። ኮምፓይለሩም፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ እንደዚያው ነው። አንድ ነገር ሲሳነው መቶ መስመር ያማርራል። ሰው ደግሞ ማያው ላይ በመጨረሻ የቀረውን ያነባል፤ እሱ ግን «ሥራው አልተሳካም» ከማለት በቀር ፍሬ የለውም። ወደ ላይ ወጥቶ «ኢረር» የሚለው ቃል መጀመሪያ የተጻፈበትን መስመር መፈለግ ነው። እዚያ የፋይሉ ስም፣ የመስመሩ ቁጥርና ምክንያቱ አለ። ለ6.16ቱ ለውጥ ኮምፓይለሩ አርዲኤምኤስአርኤልን አላውቀውም ብሎ «ምናልባት አርዲኤምኤስአርኪው ማለትህ ነው?» እያለ ሊጠቁም ይችላል። መልሱን የሚናገር ፈታኝ በዚህ ዓለም ብዙ አይገኝም።

ከዚያ በፊት ግን ማንም እጁን ኮዱ ላይ ሳያሳርፍ፣ ፕሮግራሙን የሚጠብቁት ሰዎች ያወጡት አዲስ ቅጂ እንዳለ ይታይ። አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው አስተካክለውታል፤ እኛ ቤት ያለው የዓምናው ቅጂ ስለሆነ ነው የሚወድቀው። ጠባቂው የተወው ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ ሌላ ሰው ወስዶት እንደሆነ መፈለግ ያስፈልጋል። የኤኤምዲ ራይዘን ፕሮሰሰሮችን የሚያነበው ዜንፓወር እንዲህ ሆኗል፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ መንከባከቡን ሲያቆም ሌሎች ወስደው ቀጠሉበት።

ይህ ሁሉ ከሌለ ልጁ ራሱ ያርመዋል። ትክክለኛው አስተራረም አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን መተካት አይደለም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጦ ቅድመ ሁኔታ መጻፍ ነው። «ከርነሉ 6.4 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ክላስ ክሪኤትን በስሙ ብቻ ጥራው፤ ካልሆነ እንደ ድሮው በሁለቱ ጥራው» እንደ ማለት። እንዲህ ከሆነ ያው ኮድ አዲሱም አሮጌውም ከርነል ላይ ይገነባል። ኡቡንቱና ዴቢያን ከእድሳት በኋላ የቀደመውን ከርነል ስለሚያስቀምጡት፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በአሮጌው ለመግባት ምርጫ አለ፤ ጥገናው እስኪያልቅ በዚያ መቆየት ይቻላል። ለጥቂት ቀናት ማለቴ ነው፤ ለዓመት አይደለም።

በቁጥር መለየትም ወጥመድ አለበት። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ በሚያወጣው ሥርዓት ላይ የከርነሉ ቁጥር አሮጌ ሆኖ፣ ከአዲሶቹ የተወሰዱ ለውጦች ውስጡ ይጨመሩበታል። የማሰሮው ምልክት የዓምና፣ ይዘቱ የዘንድሮ ነው። እዚያ ቁጥሩን ብቻ ያመነ ቅድመ ሁኔታ ይሳሳታል፤ የሥርዓቱን የራሱን የስሪት ቁጥርም መጠየቅ ይኖርበታል።

ማድረግ የማይገባው

ስሕተት የሚያወጣውን መስመር ሰርዞ «ይኸው ተገነባ» ማለት አለ። ክላስ ክሪኤት ያለበት መስመር ቢሰረዝ ሞጁሉ ይገነባ ይሆናል፤ ግን ራሱን ስለማያስመዘግብ ሁለተኛው ክፍል ፈልጎ አያገኘውም። የኮምፓይለሩን ማስጠንቀቂያ ዝም ማሰኘትም አያዋጣም፤ ስሙ የሌለ ተግባር የጠራ ሞጁል በመጨረሻው ፍተሻ ላይ «የማይታወቅ ስም» ተብሎ ይያዛል። ከሁሉ የከፋው ግን የሚገነባና የሚነሣ፣ ነገር ግን የተሳሳተ ቁጥር የሚያነብ ነው። 95 ዲግሪ የደረሰውን 55 ነው የሚል ቴርሞሜትር ከሌለው ይብሳል። ስለዚህ ከጥገና በኋላ ቁጥሩን ከሌላ መለኪያ ጋር ማስተያየት ግዴታ ነው።

ሌላው፣ ከማይታወቅ ቦታ የተገኘን «ጥገና» አንስቶ መለጠፍ ነው። ሞጁል የጓዳውን ቁልፍ የያዘ ነው፤ ከገባ በኋላ የሚከለክለው የለም። ጤነኛው ሞጁል እንኳ ሲሳሳት ኮምፒውተሩን በሙሉ ሊያቆመው ይችላል፤ ክፉ ሰው የጻፈው ደግሞ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። በነገራችን ላይ፣ «ሴኪዩር ቡት» የሚባለው ጥበቃ ባለበት ኮምፒውተር በደንብ የተገነባ ሞጁልም «ቁልፉ ተቀባይነት አላገኘም» ተብሎ ሊመለስ ይችላል። ይህ የኮድ ስሕተት አይደለም፤ ሞጁሉ እንዲፈረምበትና የፈረመበት ቁልፍ በኮምፒውተሩ እንዲመዘገብ ነው የሚጠይቀው። ጥበቃውን ማጥፋት ይቀላል፤ እኔ ግን አልመክርም።

እርዳታ የሚጠየቅ ከሆነ፣ «አልሠራልኝም» ብቻ ብሎ መላክ የሚረዳንም ሰው ያደክማል። የከርነሉ ቁጥር፣ የፕሮግራሙ ስሪት፣ የፕሮሰሰሩ ዓይነት፣ የመጀመሪያው የስሕተት መስመር ሳይቆራረጥ፤ እነዚህ አራቱ ከተላኩ ብዙ ጊዜ መልሱ ይመጣል። የስሕተቱን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ከማንሣት ይልቅ እንደ ጽሑፍ መቅዳት ይሻላል፤ ሌላው ሰው ፈልጎ ሊያገኘው የሚችለው በጽሑፍ ሲሆን ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ጥያቄ ልጅዎን ይጠይቁት፤ «የምንፈልገው ሙቀቱን ማወቅ ብቻ ነው ወይስ ሌላም?» እንደ ኮርፍሪክ ያለው መሣሪያ ፍጥነቱን፣ የኤሌክትሪክ ኃይሉን፣ የእያንዳንዱን የፕሮሰሰር ክፍል እንቅልፍና ንቃት ሳይቀር ያሳያል፤ ሙያው ለሆነ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሙቀትን ብቻ ለማየት ግን የራሱ ሞጁል የሌለው «ሴንሰርስ» የሚባል ትዕዛዝ ይበቃል። እሱ የሚያነበው ከርነሉ ውስጥ ካለ ክፍል ነው፤ ለኢንቴል «ኮርቴምፕ»፣ ለኤኤምዲ «ኬ10ቴምፕ» ይባላል። እነዚህ የቤተሰቡ አባላት ስለሆኑ፣ በጓዳው ውስጥ አንድ ነገር የሚያዛውር ሰው የእነሱንም ጽሑፍ አብሮ የማረም ግዴታ አለበት። ክላስ ክሪኤት ሲለወጥም በከርነሉ ውስጥ ያሉ ጠሪዎች ሁሉ አብረው ተስተካክለዋል፤ የተሰናከሉት ከውጭ ያሉት ብቻ ናቸው።

በሴንሰርስ የሚታየውን ቁጥር ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ወረቀት ላይ ይያዙ። ቪዲዮ ሲከፈት ወደ 80 ወጥቶ ሲዘጋ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ ሥራውን እየሠራ ነው። ምንም ሳይሠራ ከ90 የማይወርድ ከሆነ ግን ኮዱን ይተዉትና ላፕቶፑ ተከፍቶ ማራገቢያው ይጸዳ፣ ቅባቱም ይታደስ።